የሙሄ ፓፓያ የታመመበት ክረምት

ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጤፉን ረጭቼ ጨረስኩ። ወገቤ የለም። በፍልሰታ ጾም፣ በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ፣ አሥራ ስድስት ሊትር መርጫ ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ መመላለስ የጤነኛ ሰው ሥራ አይደለም። ግን አረሙ ጤፉን ሊውጠው ነበር። አሁን ዋጋውን ያገኛል። የአረም መድኃኒቱ፣ ቱፎርዲ፣ ጤፉን አይነካም፤ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው። በሦስት በአራት ቀን አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ አዲሱ ቅጠል እንደ ገመድ ይጠማዘዛል። ሲጠማዘዝ ማየት ደስ ይለኛል፤ ኃጢአት ከሆነም ይቅር ይበለኝ።

መርጫው የጎረቤቴ የሙሄ ነው። የእኔ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሆነው፤ በእሱ ነው የምንኖረው።

ነሐሴ 10፣ ዓርብ

መርጫውን መለስኩ። ሙሄ ጁምዓ ሄዷል፤ ሚስቱ ራህመትም ደጅ አልነበረችም። አጥራቸው በር ላይ ሰቅዬው መጣሁ። ከተበጠበጠው ሩብ ያህል ተርፎ ነበር፤ እንዳለ ተውኩለት። እሱም ጤፍ አለው፤ ይጠቀምበት። ባዶ ዕቃ መመለስ በእናቴ ቤት ነውር ነበር፣ በእኔም ቤት ነውር ነው። ባለፈው ራህመት የባለቤቴን የዘነበችን ወንፊት ስትመልስ ሎሚ ሞልታ ነው የላከችው።

በዚያው የሙሄን ፓፓያ አየሁ። ሰባት መስመር፣ በየመስመሩ ሃያ ሃያ። ፍሬው ከግንዱ አንገት ጀምሮ ተደራርቧል። የእኔ ደግሞ ገና አውራ ጣት ያክላል። ዘሩን አብረን ነው ያመጣነው፤ ውሃችን ከአንድ ቦይ ነው። ምን እንደሚያደርግለት እንጃ። አልቀናሁም። ያየሁትን መጻፌ ነው።

ነሐሴ 16

ጾም ተፈታ። ሙሄ ሳምንቱን ሙሉ ብቅ አላለም። «መርጫውን አገኘሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ይሁን።

ነሐሴ 23

ከማሳ እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ቦዩን ልከፍት ስወርድ በአጥሩ ላይ አሻግሬ አየሁ። የሙሄ ፓፓያ አናቱ ተበላሽቷል። አዲሱ ቅጠል ቀጥኖ፣ እንደ ገመድ ተጠማዝዞ፣ ጣቱን እንደ ጨበጠ እጅ ታጥፏል። በወንዙ በኩል ያሉት ሁለት መስመሮች በጣም ብሶባቸዋል። አጥሩን ዘልዬ ገባሁ። ሃያ ሰባት ዓመት በትምባሆ እርሻ ቅጠል ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅጠል አይዋሸኝም። ቫይረስ ነው። ክሽክሽ የምትባል ቅንጣት ተባይ ከዛፍ ዛፍ ይዛው ትሄዳለች፤ መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ ማቃጠል ብቻ ነው።

የእኔ ዘጠና ዛፍ አጥሩ ሥር ነው ያለው!

ሙሄን ጠርቼ ነገርኩት። ቅጠሉን ይዞ አሸተተው፤ አገላብጦ አየው። ከዚያ «ይቆይ እስኪ» አለኝ። ይቆይ! ቤት እየተቃጠለ ይቆይ ይባላል?

ነሐሴ 25

ዘነበች «ምን አስቸኮለህ» ትለኛለች። ምን እንዳስቸኮለኝ ታውቃለች፤ ሆን ብላ ነው የምትጠይቀኝ።

ለራሴ ልጻፈው። በ1992 አንድ መደብ የትምባሆ ችግኝ ላይ ዝንጉርጉር ቅጠል አየሁ። ያኔም ወጣት አልነበርኩም። አለቃዬ «ሽፈራው፣ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትንሽ እንጠብቅ፣ የውሃ ጉዳይ ሊሆን ይችላል» አልኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሁለት ሄክታር ተነቅሎ ተቃጠለ። ሠራተኞቹ ክምሩ ሲነድ እያዩኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «እንጠብቅ» የሚል ሰው አልታገሥም። አሁንም ያው ነው። ሁለተኛ አልጠብቅም።

ነሐሴ 28

የወረዳውን ባለሙያ አስመጣሁ። መቅደስ ትባላለች፤ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች። በባጃጅ መጣች፣ ጫማዋ ነጭ ነው፤ ገና ሳያት ተስፋ ቆረጥኩ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዛፍ ለዛፍ ዞረች። ፍሬው ላይ ቀለበት ፈለገች፤ የለም። የቅጠሉ አገዳ ላይ ቅባት የመሰለ ጭረት ፈለገች፤ የለም። «ይመጣል፣ ገና ነው» አልኳት። ከዛፉ ሥር የበቀለውን አረም ጎንበስ ብላ አየችው፤ እሱም ተጠማዝዟል። ከዚያ የወንዙ ዳር መስመር በጣም የተጎዳ፣ ቀጥሎ ያለው ቀለል ያለ፣ እኔ አጥር ጋ ያለው ጭራሽ ምንም የማይመስል መሆኑን በወረቀት ላይ ሣለች።

«ጋሼ፣ በሽታ እንዲህ መስመር ጠብቆ አይሄድም» አለችኝ። ለእኔ! ቅጠል ስመረምር አባቷ እንኳ አልተወለደም ነበር ማለት ይቻላል።

ቀጥላ ምን እንደተረጨ ጠየቀች። ሙሄ የተባይ መድኃኒት ከሁለት ሳምንት በፊት ረጭቻለሁ አለ፤ ሲል ደግሞ እኔን አየኝ። ለምን እኔን ያየኛል? የተባይ መድኃኒት ቅጠል አያጣምምም፤ እሱን ማንም ያውቃል፤ እኔም ተናግሬ ወሬውን ቆረጥኩት። ልጅቱ ቢያንስ እስከ ጥቅምት መግቢያ አዲስ ቅጠል እንይ ብላ ሄደች። ከአንድ ወር በላይ! ክሽክሽ ቀን ቆጥራ አትጠብቅም።

ጳጉሜ 2

ሙሄ ዛሬ አጥሩ ጋ ጠራኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ሽፈራው፣ ያን ጊዜ መርጫውን ስትመልስልኝ ምን ነበረበት?»

ደሜ ፈላ። ሰላሳ ዓመት ጎረቤት ኖረን፣ ዕቃውን ባዶ መለስክ ሊለኝ ነው! ስንት ጊዜ ነው ያዋሰኝ፣ መቼ ነው ባዶ የመለስኩት? ይህንኑ ነገርኩት፤ ጮክ ብዬ ነገርኩት። «እኔ ሽፈራው ባዶ ዕቃ አልመልስም፤ ሩብ ሙሉ ትቼልሃለሁ፤ ካላየህ ዓይንህን ታከም» አልኩት። ራህመት ከቤት ወጥታ ቆመች።

ሙሄም «አይ፣ አይቻለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ገባ። ምስጋናው ከስድብ ይብሳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚመጣ ምስጋና ምን ያደርግልኛል?

ጳጉሜ 4

ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ደረጄ፣ የወፍጮው ባለቤት፣ እኔ ከማሽኑ ጀርባ መሆኔን ሳያይ ሲያወራ ሰማሁ። «ሽፈራው የራሱ ፍሬ አልይዝ ስላለው ነው የሰው የሚያስቆርጠው» ይላል። ሳቁ። እህሉን ትቼ ወጣሁ፤ ዘነበች ሄዳ አስፈጭታ አመጣችው።

ምቀኛ ተባልኩ። እኔ! ቤት እንደገባሁ ለቀበሌው ማመልከቻ ጻፍኩ። በሦስት ኮፒ።

መስከረም 1 ቀን 2017

አዲስ ዓመት ነው። ሙሄ ሌላ ጊዜ በጠዋት መጥቶ «እንኳን አደረሰህ» ይለኛል። ዛሬ አልመጣም። ዘነበች ሳትነግረኝ ለራህመት በሳህን ዳቦ ልካ ኖሯል። ማታ ሳህኑ ተመለሰ፤ ሎሚ ሞልቶበታል። ያን ሎሚ ሳይ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አንስቼ ወደ ጓሮ በተንኩት። ዘነበች ቃል ሳትተነፍስ አንድ በአንድ ለቅማ አጥባ አስቀመጠችው።

መስከረም 5፣ እሑድ

መውሊድ። ከበሮው እስከዚህ ይሰማል። በየዓመቱ አብሬ ነበርኩ። ዘነበች ብቻዋን ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «አጣዬ የተቃጠለ ጊዜ እህቴ ከነልጆቿ አራት ወር የት እንደነበረች ታስታውሳለህ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። የት እንደነበሩ አውቃለሁ። ሙሄ የራሱን አልጋ ለቆላቸው መደብ ላይ ተኝቷል። ይኼና የፓፓያ በሽታ ምን ያገናኘዋል? ውለታና ቫይረስ ለየብቻ ነው።

መስከረም 9

የቀበሌው ስብሰባ ተደረገ። መቅደስ ቆማ ለመነች ማለት ይቻላል፦ ሃያ ቀን ስጡኝ፣ አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በሽታ አይደለም አለች። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ተነሳሁ። የ1992ቱን ነገርኳቸው፤ የትምባሆውን፣ የአሥራ ሁለቱን ሄክታር። «ያኔ አንድ ሰው እንጠብቅ ብሎ ነው» አልኩ። ያ ሰው ማን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ አንድ ነገር አመለጠኝ። «ሙሄ በሽታ መሆኑን ያውቃል፤ የሚያዘገየው የእሱ ከጠፋ የጎረቤቱም አብሮ እንዲጠፋ ነው» አልኩ። ከኋላ አንዱ «እነሱ እኮ ድሮም...» ብሎ ጀመረ። ዞሬ ጮህኩበት። እኔ የተናገርኩት ስለ ቅጠል ነው! የእኔን ነገር ይዞ ወደ ሌላ የሚሄድ ሰው ሲያጋጥመኝ ያስጠላኛል። ግን ያን አፍ የከፈትኩለት ማን ነው የሚለውን እያሰብኩ ነው የመጣሁት።

ተወሰነ። እስከ መስከረም 20 ተቆርጦ ይቃጠል ተባለ።

ሙሄ «እሺ» ብቻ ነው ያለው። ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ አለፈ። በመጣላት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

መስከረም 15

ገጀራው ይሰማል። የፓፓያ ግንድ ልል ነው፤ ሲቆረጥ ድምፁ እንደ ዛፍ አይደለም፣ እርጥብ ነገር መሬት ላይ ሲጥሉት ይመስላል። ሁለት መስመር ወርዷል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው።

መስከረም 17፣ መስቀል

ዛሬ አልቆረጠም። በዓላችንን አክብሮ ነው። ማንም ሳይነግረው።

ለምንድን ነው የሚያበሽቀኝ?

መስከረም 18

ሦስተኛውና አራተኛው መስመር። ሰማንያ ዛፍ። ራህመት ፍሬውን እየለቀመች ለከብት ታደርገዋለች። ቦዩ ጋ ስንገናኝ «ጋሽ ሽፈራው፣ እንደምን አረፈዱ» አለችኝ። እንደ ወትሮዋ። መልሼ ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

እኔ ትክክል ነኝ። የእኔ ዛፍ እስካሁን ደህና ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም?

መስከረም 19፣ እሑድ

መቅደስ መጣች። ዛሬ ነጭ ጫማ አላደረገችም። ከመንገድ ጀምራ «ተዉ! ተዉ!» እያለች በሙሄ ማሳ ገባች። ከዚያ እኔን ጠራችኝ። የቀሩት ሦስት መስመሮች አናት ላይ አዲስ ቅጠል ወጥቷል። ንጹሕ። ሰፊ፣ የተዘረጋ፣ አንድም ጠባሳ የለበት። በቫይረስ የታመመ ፓፓያ ንጹሕ ቅጠል አያወጣም። ይህን እኔም አውቃለሁ። ከማንም በላይ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ የአረም መድኃኒት ነው» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ እንደ ሐኪም። «መርጫው ውስጥ ቱፎርዲ ቀርቶበት፣ በላዩ ላይ የተባይ መድኃኒት በጥብጠውበታል። የመጀመሪያው ሙሌት የወንዙን ዳር አቃጠለ። በየሙሌቱ እየቀጠነ ሄዶ እናንተ አጥር ጋ ሲደርስ ውሃ ሆኗል።»

ሙሄ ቆሞ ገጀራውን በሣር ይወለውል ነበር።

እኔማ እዚያው ተናገርኩት። ገበሬ አይደለም እንዴ? መርጫ ሳይታጠብ ይረጫል? ውስጡን ሳያይ፣ ሳያሸት፣ ዝም ብሎ ውሃ ይሞላበታል? ሰማንያ ዛፍ በስንፍና! እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነው። ሰው ዕቃው ከሰው ቤት ሲመለስለት መጀመሪያ ውስጡን ማየት አለበት፣ ምን እንደ

መስከረም 20

ሩብ ያህል ነበረበት። ነሐሴ 10 ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

መስከረም 22

ደብተሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። ነሐሴ 9 ላይ «እንደ ገመድ ይጠማዘዛል» ብያለሁ። ነሐሴ 23 ላይ «እንደ ገመድ ተጠማዝዞ» ብያለሁ። ያው ቃል። ያው እጅ። ሃያ ሰባት ዓመት ቅጠል መርምሬ!

በሁሉም ተናደድኩ። በልጅቱ፣ ትክክል ስለሆነች። በሊቀመንበሩ፣ ስለሰማኝ። በእናቴ እንኳ ተናደድኩ፤ ነፍሷን ይማር፣ ባዶ ዕቃ አይመለስም ያለችው ዱቄትና ሎሚ ስለሚያዝበት ዕቃ ነው እንጂ መርዝ መልሱ አላለችም። እኔ ነኝ ሳላስብ ያደረግኩት። ደስ ብሎኝ፣ ጨዋ ነኝ ብዬ።

ደግሞ ሙሄ ጠይቆኝ ነበር። ጳጉሜ 2። ጠይቆኝ ነበር።

ዘነበች የጻፍኩትን አላየችም። ግን እራት ስታቀርብ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «መቼ ነው የምትሄደው?» አለችኝ። እሷስ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው? አልጠየቅኳትም።

መስከረም 25

አልሄድኩም። ዛሬም አልሄድኩም። ፈሪ።

መስከረም 26፣ እሑድ

ሄድኩ። ዘነበች አንድ ማሰሮ ማር አዘጋጅታ በሩ ላይ አስቀምጣ ነበር። ይዤ ከአጥራችን ወጣሁና ተመለስኩ፤ ማሩን ቤት አስገባሁት። ለዚያ ለሰጠሁት ስጦታ ሌላ ስጦታ ይዤ ልሂድ? በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጄን ሰው ቤት ሄድኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ሙሄ የተቆረጡት ጉቶዎች መካከል ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም፤ ብቻ ተናገርኩ። በሩ ላይ የሰቀልኩት ቱፎርዲ ነው አልኩት። እኔ ነኝ አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሽታው ከረጨሁ በኋላ ነው ልብ ያልኩት። አንተም ፓፓያ ስላለህ የተባይ መድኃኒት ያተረፍክልኝ መስሎኝ በላዩ ሞላሁበት።»

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እንደገና ልቆጣ ምንም አልቀረኝም፤ ሰው ወንጀሉን ሲያውቅ እንኳ ቁጣው አይለቀውም።

«ጠየቅኩህ፤ ተቆጣህ። ከዚያ በላይ ምን ልበል? በሰጠኝ ነገር ሰው ይወቀሳል እንዴ?» አለ። ደግሞም «እርግጠኛም አልነበርኩም። አንተ ቅጠል ታውቃለህ። በሽታ ከሆነ ያንተን እንዳይጨርስብህ ብዬ ነው የቆረጥኩት» አለኝ።

ከእኔ ዛፍ ግማሹ ያንተ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከጉቶው ግማሹ ያቆጠቁጣል፣ ካላቆጠቆጠም እንተክላለን አለ። ከዚያ ዞሮ አየኝና ሌላ ነገር ጠየቀኝ። ይህን ብቻ ነው የጠየቀኝ፦

«በሰው ፊት ያልከውን በሰው ፊት አንሣልኝ። ልጆቼ እዚህ ነው የሚኖሩት።»

መስከረም 29

ምን ብዬ እንደምናገር አምስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አምስት ጊዜ ቀደድኩ። በሁሉም ውስጥ «ሳላውቅ» የሚል ቃል አለ። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ግን ሰው ሲጠይቅ አፉን እየዘጉ አለማወቅ ምን ዓይነት አለማወቅ ነው?

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ስብሰባው ነበር። ደረጄም አለ፤ ያ ከኋላ ያንጎራጎረውም አለ። መቅደስ የአረም መድኃኒቱንና የመርጫውን ነገር አስረዳች፤ የማንንም ስም አልጠራችም። በዚያው ሊያልፍ ይችል ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ አጀንዳ ሊሄድ ሲል ተነሳሁ።

መርዙን በመርጫው የላክሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሙሄ ሲጠይቀኝ ሰደብኩት። ተንኮለኛ ነው ብዬ በእናንተ ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው፤ ዛፉን የቆረጠው የእኔን ለማዳን ነው። በ1992 እንጠብቅ ብሎ አሥራ ሁለት ሄክታር ያስፈጀው ሰውም እኔ ነኝ፤ በዚያ ፍርሃት ነው በሙሄ ላይ የጮህኩት። ይኼን የመጨረሻውን ልናገር አላሰብኩም ነበር፤ ወጣ። ከኋላ ያለውን ሰውዬ ስሙን ጠርቼ፣ «አንተም ያን ቀን የጀመርከውን ነገር እኔ ነኝ ያስጀመርኩህ፤ ዋጠው» አልኩት። ማንም አልሳቀም። ደረጄ ወደ መሬት አየ። ተቀመጥኩ፤ ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አሁን አውቀዋለሁ።

ስንመለስ ከሙሄ ጋር እስከ አጥራቸው አብረን ሄድን። «ቆይ» ብሎኝ ገባና መርጫውን ይዞ ወጣ።

«ለሽንኩርትህ ትፈልገዋለህ» አለ። «ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ባዶ ነው።»

ተቀበልኩት። ፊት ለፊቱ ቆሜ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ገልብጬም ነቀነቅኩት። ጠብታ የለውም። እሱም «ስትጨርስ እንዲሁ መልሰው» አለኝ። እሺ አልኩት።